ዕድሜ ሲገፋ የቆዳ የደም ፍሰት ለሙቀት የሚሰጠው ምላሽ፦ ከኤረር ቆላ አንጻር

መግቢያ

በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን የምትገኘው ኤረር ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፣ በቀድሞው የኢትዮ-ጅቡቲ የምድር ባቡር መስመር ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ያላት ከፍታ 1,100 ሜትር ገደማ በመሆኑ ከክልሉ ርእሰ ከተማ ከጅግጅጋ በ500 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። የጅግጅጋን ነፋሻ አየር የለመደ ሰው በግንቦት ወይም በሰኔ ወደ ኤረር ሲወርድ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማዋል። ከአየሩ ሙቀት ሌላ ኤረር ፍል ውኃ አላት። በፍል ውኃ መታጠብ በኢትዮጵያ ሥር የሰደደ ልማድ ሲሆን፣ አብዝተው የሚፈልጉትም ቁርጥማት፣ የመገጣጠሚያና የወገብ ሕመም የሚያስቸግራቸው በዕድሜ የገፉ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በኤረር አንድ አረጋዊ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ዓይነት ሙቀት ሊያጋጥመው ይችላል፤ አንዱ የአየሩ፣ ሌላው የውኃው።

የሰው አካል ሙቀትን የሚቋቋመው በዋናነት በሁለት መንገድ ነው፤ ወደ ቆዳ የሚሄደውን ደም በመጨመርና በማላብ። ዕድሜ ሲገፋ ሁለቱም ይዳከማሉ። ጃፓናዊው ተመራማሪ ዮሺሚትሱ ኢኖዌ የለውጡን ቅደም ተከተል ሲገልጹ፣ መጀመሪያ የሚዳከመው የቆዳ የደም ሥሮች መስፋት፣ ቀጥሎ እያንዳንዱ የላብ እጢ የሚያወጣው የላብ መጠን፣ በመጨረሻም የሚሠሩት እጢዎች ብዛት እንደሆነ አመልክተዋል። በዚህ አገላለጽ መሠረት የቆዳ የደም ፍሰት የአረጋዊው አካል ለሙቀት ያለው አቅም መቀነስ መጀመሩን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቁም ምልክት ነው።

ጉዳዩ የቤተ ሙከራ ጥያቄ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በጋ አውሮፓን በመታው የሙቀት ማዕበል ከወትሮው በላይ ከ70,000 የሚበልጡ ሰዎች እንደሞቱ ተሰልቷል፤ ከእነዚህ 15,000 ያህሉ በፈረንሳይ የሞቱ ሲሆን፣ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ነበሩ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሕይወታቸው ያለፈው ሙቀቱ ራሱ በሽታ ሆኖባቸው ሳይሆን፣ ቀድሞ በደከመ ልብና የደም ሥር ላይ ተጨማሪ ሸክም ስለጣለባቸው ነው። ይህ ጽሑፍ የቆዳ የደም ፍሰት በዕድሜ ምክንያት የሚቀንሰው ለምን እንደሆነ፣ ይህም ለኤረር አየርና ፍል ውኃ ምን ትርጉም እንዳለው ያብራራል። ድክመቱ የአንድ ክፍል ብልሽት ሳይሆን ከአንጎል እስከ ልብ በተያያዘ ሰንሰለት ላይ የሚደርስ ድካም ነው። በዚህም ምክንያት አረጋዊው የሚሰማው ስሜት አካሉ ያለበትን ሁኔታ ሙሉ በሙሉ አይነግረውም።

ጤናማ ቆዳ ለሙቀት የሚሰጠው ምላሽ

በምቹ አየር ውስጥ ዐርፎ በተቀመጠ አዋቂ ሰው ወደ ቆዳ የሚሄደው ደም በደቂቃ ከግማሽ ሊትር ብዙም አይበልጥም። ይህም ልብ ከምትረጨው ደም ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህሉ ነው። በከባድ ሙቀት ጊዜ ግን ይህ መጠን በወጣት ሰው በደቂቃ እስከ 7 ወይም 8 ሊትር ሊደርስ ይችላል። ይህን ስሌት በሰፊው ያስተዋወቁት የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ሎሪንግ ሮዌል ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ዳሰሳ አካል በሙቀት ጊዜ ልብ ከምታወጣው ደም ከግማሽ የሚበልጠውን ወደ ቆዳ ሊመድብ እንደሚችል አሳይተዋል። ከውስጥ አካል ሙቀት ተሸክሞ የመጣው ደም በቆዳው ሥር ሲያልፍ ሙቀቱን ለአየሩና ለሚተነው ላብ አስረክቦ፣ ቀዝቀዝ ብሎ ወደ ልብ ይመለሳል።

ይህን ሥራ የሚመራው በአንጎል ውስጥ የሚገኘው ሃይፖታላመስ ነው። ከደሙና ከቆዳው የሚደርሰውን የሙቀት መልእክት አመዛዝኖ በሲምፓቴቲክ ነርቮች አማካይነት ትእዛዝ ያስተላልፋል። በመዳፍና በውስጥ እግር ቆዳ ላይ የደም ሥሮችን የሚቆጣጠሩት ኖርአድሬናሊን የሚለቁ አጥባቢ ነርቮች ብቻ ናቸው። በቀረው የአካል ቆዳ ላይ ግን ከአጥባቢዎቹ ሌላ አስፊ ነርቮችም አሉ። ሙቀት ሲጀምር መጀመሪያ የማጥበቡ ትእዛዝ ይላላል፤ የውስጥ አካል ሙቀት ከተወሰነ ደረጃ ሲያልፍ ደግሞ የማስፋቱ ትእዛዝ ይጀምራል። በከባድ ሙቀት ጊዜ ከሚታየው የደም ፍሰት ጭማሪ ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከዚህ ሁለተኛው መንገድ ነው።

ሁለተኛው መንገድ መኖሩ የተረጋገጠው በ1950ዎቹ በብሪታንያ በተደረጉ ሙከራዎች ነው። አካሉ በሞቀ ሰው ክንድ ላይ ወደ ቆዳ የሚሄደው ነርቭ በመድኃኒት ሲታገድ ሰፍተው የነበሩት የደም ሥሮች መልሰው ጠበቡ። መስፋቱ የማጥበቡ ትእዛዝ መላላት ውጤት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነርቩ መታገዱ ይህን ለውጥ ባላስከተለ ነበር። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1995 በቴክሳስ ዲን ኬሎግና ባልደረቦቻቸው በቦቱሊነም መርዝ ባደረጉት ጥናት፣ ማስፋቱን የሚፈጽሙት አሴቲልኮሊን የሚለቁ ነርቮች እንደሆኑ፣ ነገር ግን ከአሴቲልኮሊን ጋር አብሮ የሚለቀቅ ሌላ አስተላላፊ ንጥረ ነገር እንዳለ አሳዩ። በዚህ ሂደት የደም ሥሩ የውስጥ ሽፋን የሚያመርተው ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝም ይሳተፋል፤ በወጣቶች ከጠቅላላው መስፋት ከሢሶ ያላነሰው የእርሱ ድርሻ ነው።

ዕድሜ የሚያላላቸው የሰንሰለቱ ቀለበቶች

በፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በላሪ ኬኒ የሚመራው ቡድን ከ1980ዎቹ ጀምሮ ባካሄዳቸው ጥናቶች፣ የወጣትና የአረጋዊ የውስጥ አካል ሙቀት እኩል በሆነበት ጊዜ የአረጋዊው የቆዳ የደም ፍሰት ከወጣቱ ከ25 እስከ 50 በመቶ ሊያንስ እንደሚችል ተገንዝቧል። ልዩነቱ በሽታ በሌለባቸው አረጋውያን ላይም ይታያል። መንስኤው ግን አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው ድካም በመልእክቱ ላይ ነው። ተመራማሪዎች ወደ ቆዳ የሚሄዱትን ነርቮች እንቅስቃሴ በቀጭን መርፌ ለክተው፣ አካል ሲሞቅ በአረጋውያን የሚታየው የነርቭ ትእዛዝ ጭማሪ ከወጣቶች ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል። ስለዚህ የደም ሥሩ የሚቀበለው ትእዛዝ ከመነሻው ደካማ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ድካም ከነርቩ ጫፍ በሚለቀቀው ንጥረ ነገር ላይ ነው። ከአሴቲልኮሊን ጋር አብሮ የሚለቀቀው አስተላላፊ ለመስፋቱ የሚያደርገው አስተዋጽኦ በዕድሜ ይቀንሳል። ውጤቱም በአረጋዊው ቆዳ ላይ የመስፋቱ ሸክም ይበልጡን በናይትሪክ ኦክሳይድ ላይ መውደቁ ነው። ሌሲ ሆሎዋትዝ እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ይህን አሳይተዋል።

ሦስተኛው ድካም ያገኘው ደግሞ ይህንኑ ሸክም የተረከበውን ናይትሪክ ኦክሳይድን ነው። ጋዙ የሚመረተው ኤል-አርጂኒን ከተባለ አሚኖ አሲድ ሲሆን፣ በአረጋዊ ቆዳ ውስጥ አርጂኔዝ የተባለው ኢንዛይም ስለሚበረታ ጥሬ ዕቃው ለሌላ ኬሚካዊ ሂደት ይሻማል። ለምርቱ የሚያስፈልገው ቴትራሃይድሮባዮፕቴሪን የተባለ ረዳት ንጥረ ነገርም ያንሳል፤ የተመረተውም ጋዝ በኦክሲጅን ነክ ጎጂ ሞለኪውሎች ይጠፋል። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው በአረጋውያን ቆዳ ውስጥ በረቂቅ ቱቦ ኤል-አርጂኒን፣ አርጂኔዝን የሚያግድ መድኃኒት ወይም ቫይታሚን ሲ ሲጨመር የደም ፍሰቱ መሻሻሉ ነው። ተመሳሳይ ሙከራ በወጣቶች ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላስገኘም። ከዚህ መረዳት የሚቻለው የአረጋዊው ቆዳ ያለ ምትክ በአንድ መንገድ ላይ እንደተደገፈ፣ ያ መንገድም ራሱ እየጠበበ እንደሄደ ነው።

አራተኛው ለውጥ በደም ሥሮቹ አካላዊ ቅርጽ ላይ ይታያል። ዕድሜ ሲገፋ ቆዳው ይሳሳል፤ በላይኛው ሽፋን ሥር የሚታጠፉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ቁጥራቸው ይቀንሳል፤ ግድግዳቸውም ይደርቃል። ስለዚህ ቆዳውን በቀጥታ በማሞቅ የሚገኘው ከፍተኛው የደም ፍሰት እንኳ ከወጣቱ ያንሳል።

የልብ ድርሻና የደም ክፍፍል

ወደ ቆዳ የሚሄደው ተጨማሪ ደም ከሁለት ምንጮች ይገኛል፤ ልብ የምትረጨውን በመጨመርና ወደ አንጀት፣ ጉበትና ኩላሊት የሚሄደውን በመቀነስ። ክሪስቶፈር ሚንሰንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት ሙቅ ውኃ የሚዘዋወርበት ልብስ ያለበሷቸውን ወጣትና አረጋውያን ወንዶች አነጻጽረዋል። በአረጋውያኑ ዘንድ ልብ በደቂቃ የምትረጨው ደም የጨመረው በመጠኑ ብቻ ሲሆን፣ ከውስጥ ብልቶች ወደ ቆዳ የተዛወረውም ደም አነስተኛ ነበር። በሌላ በኩል የአረጋዊው ልብ ለዚያው ሥራ ከከፍተኛው የምት አቅሟ የምትጠቀምበት ድርሻ ከወጣቱ የበለጠ ነበር። ስለሆነም አረጋዊው ያነሰ ሙቀት ለማስወጣት ካለው አቅም ይበልጡን ያወጣል።

በሙቀት ማዕበል ጊዜ የልብ ሕመምተኞች ሞት የሚጨምረው ከዚህ የተነሣ ነው። ቆዳው ደም ሲጠይቅና ላብ የደሙን መጠን ሲቀንስ የደም ግፊትን ጠብቆ ማቆየት ለደከመ ልብ ከባድ ፈተና ይሆናል።

የኤረር አየር

የቆዳ ሙቀት በሞቃት ሁኔታ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። የአየሩ ሙቀት ከዚህ በታች ሲሆን ደም ወደ ቆዳ የሚያመጣው ሙቀት በቀጥታ ወደ አየሩ ይወጣል። አየሩ ከቆዳው ሲሞቅ ግን አካል ከአየሩ ሙቀት ይቀበላል እንጂ አይሰጥም፤ ያን ጊዜ የሚቀረው መውጫ የላብ መትነን ብቻ ነው። አንድ ሊትር ላብ ሙሉ በሙሉ ሲተን 2,400 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል። የቆላው አየር ደረቅ በሆነ ጊዜ ላቡ በቀላሉ ስለሚተን ይህ መንገድ ውጤታማ ነው፤ ዋጋው ግን ውኃ ነው።

ለአረጋዊው እዚህ ላይ ሁለት ችግሮች ይገናኛሉ። እጢዎቹ የሚያወጡት ላብ ያንሳል፤ የጠፋውን ውኃ እንዲተካ የሚቀሰቅሰው ጥማትም ይደበዝዛል። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ የታወቀ ጥናት ለ24 ሰዓት ውኃ ካልጠጡ ጤናማ ወንዶች መካከል አረጋውያኑ ከወጣቶቹ ያነሰ ጥማት እንደተሰማቸውና ውኃ ሲሰጣቸውም ያነሰ እንደጠጡ አሳይቷል። «ውኃ ሲጠማህ ጠጣ» የሚለው ምክር ለወጣት የሚበቃ ቢሆንም ለአረጋዊ የማይበቃው ለዚህ ነው።

ሌላው ጉዳይ መላመድ ነው። ሰው በሞቃት አየር ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ሲቆይ ላቡና የቆዳው የደም ሥሮች መስፋት ቀደም ብለው ይጀምራሉ፤ የደሙም መጠን ይጨምራል። በኤረር ተወልዶ ያረጀ ሰውና ለፍል ውኃ ብሎ ከጅግጅጋ ወይም ከሐረር ደጋ ለጥቂት ቀናት የወረደ እኩያው በዚህ ረገድ አንድ አይደሉም። እንግዳው መላመድ ሳይጀምር ሁለቱንም ሙቀቶች በአንድ ጊዜ ይጋፈጣል። በአንጻሩ ከግመልና ከፍየል ኋላ ረጅም መንገድ ሲጓዝ የኖረ አረጋዊ በከተማ ከተቀመጠ እኩያው የተሻለ አቅም ሊኖረው ይችላል፤ አካላዊ ብቃታቸውን የጠበቁ አረጋውያን የቆዳ የደም ፍሰት ብቃታቸው ከቀነሰ እኩዮቻቸው እንደሚበልጥ በተደጋጋሚ ታይቷልና።

ፍል ውኃው

ፍል ውኃ ከሞቃት አየር የተለየ ፈተና ነው። ውኃ ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከአየር በ25 እጥፍ ያህል በልጦ ነው፤ በውኃ በተሸፈነ ቆዳ ላይ ደግሞ ላብ አይተንም። ውኃው ከደሙ የሞቀ ከሆነ የቆዳ የደም ፍሰት ሥራው ይገለበጣል፤ ሙቀትን ከውስጥ ወደ ውጭ ከማውጣት ይልቅ ከውኃው ወደ ውስጥ የሚያስገባ መንገድ ይሆናል። በ40 ዲግሪ ውኃ ውስጥ እስከ አንገት ድረስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት መቀመጥ የውስጥ አካልን ሙቀት በ1 ዲግሪ ያህል ሊያሳድግ ይችላል።

የቆዳው ምላሽም በሁለት መንገድ ይነሣሣል። አንደኛው ከላይ የተገለጸው ከአንጎል የሚመጣው ትእዛዝ ነው። ሁለተኛው ቆዳው በቀጥታ ሲሞቅ በዚያው ቦታ የሚፈጠር ምላሽ ሲሆን፣ በመጀመሪያ በስሜት ነርቮች አማካይነት ፈጣን ጭማሪ፣ ቀጥሎ በናይትሪክ ኦክሳይድ የሚደገፍ ዘላቂ ጭማሪ ይታይበታል። ሚንሰንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሳዩት ሁለቱም የምላሹ ክፍሎች በአረጋውያን ቀንሰው ይገኛሉ። ይህ ተግባራዊ ትርጉም አለው። በአንድ ቦታ የተከማቸውን ሙቀት ጠርጎ የሚወስደው የሚያልፈው ደም ነው፤ ፍሰቱ ሲያንስ ቆዳው ለቃጠሎ ይጋለጣል። በስኳር በሽታ ወይም በዕድሜ ምክንያት የእግራቸው ስሜት የደነዘዘ ሰዎች ደግሞ የውኃውን ግለት በወቅቱ አይለዩም።

ትልቁ አደጋ ግን አረጋዊው በውኃው ውስጥ ሳለ ሳይሆን ሲወጣ የሚመጣው ነው። በተቀመጠበት ጊዜ የውኃው ግፊት የእግሩን ደም ወደ ደረቱ ስለሚገፋ ልቡ በቂ ደም ያገኛል። ብድግ ሲል ይህ ግፊት በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ የሰፉት የቆዳ ሥሮች ደሙን ይዘው ይቀራሉ፤ ሌላው ደም ደግሞ ወደ እግር ይወርዳል። በወጣት ሰው የልብ ምት ወዲያው ፈጥኖ፣ የደም ሥሮች ጠበው ግፊቱን ይደግፋሉ። በአረጋዊ ግን ይህ ምላሽ ስለሚዘገይ ማዞር፣ ራስን መሳትና መውደቅ ይከተላሉ። በሙቅ ውኃ የመታጠብ ባህል ሥር በሰደደባት ጃፓን በቤት መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሕይወታቸው የሚያልፍ ሲሆን፣ አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው። ከገንዳው ከወጣም በኋላ የአረጋዊው ቆዳ የተከማቸውን ሙቀት በዝግታ ስለሚያስወጣ አካሉ ከወጣቱ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሞቀ ይቆያል። ይህ ሰው ከፍል ውኃው ወጥቶ በቀጥታ ወደ ቀትር ፀሐይ ቢገባ አንዱ ሙቀት በሌላው ላይ ይደራረብበታል።

ይህ ሲባል ፍል ውኃ ለአረጋዊ ክልክል ነው ማለት አይደለም። በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ቪየና ብረንት፣ ሚንሰንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ለ8 ሳምንታት በተደጋጋሚ በሙቅ ውኃ የተነከሩ ሰዎች የደም ሥራቸው የውስጥ ሽፋን አሠራር ተሻሽሎ ተገኝቷል። በፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ 2,315 ወንዶችን ለ20 ዓመት ያህል የተከታተለ ጥናትም ሳውና የሚያዘወትሩት በድንገተኛ የልብ ሞት የመሞት ዕድላቸው አነስተኛ እንደነበር መዝግቧል። ሆኖም የኦሪገኑ ተሳታፊዎች ወጣቶች ነበሩ፤ የፊንላንዱ ጥናት ደግሞ ግንኙነትን እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም፤ ጤናማ ሰው ሳውናን የማዘውተር ዕድሉ ከፍ ያለ ሊሆን ይችላልና። ከሁለቱ መረዳት የሚቻለው በመጠን የተወሰደ ሙቀት የደም ሥርን ሊያለማምድ እንደሚችል ነው። ልኩ ግን ለአረጋዊና ለወጣት አንድ ሊሆን አይችልም።

ጫናውን የሚያከብዱ ሁኔታዎች

የደም ግፊት በሽታ የናይትሪክ ኦክሳይድን አቅርቦት ይበልጥ ስለሚቀንስ ዕድሜ በቆዳ የደም ሥሮች ላይ ያደረሰውን ድካም ያባብሳል። ለሕክምናው የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም በሙቀት ጊዜ የራሳቸው ጫና አላቸው። ሽንት የሚያበዙት የደሙን መጠን ይቀንሳሉ፤ የልብ ምትን የሚያዘገዩት ልብ የምትረጨው ደም በሚፈለገው መጠን እንዳይጨምር ይገታሉ። በየዕለቱ የሚወሰድ አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን እንኳ በጎልማሶች የቆዳን የደም ሥር መስፋት እንደሚቀንስ የኬኒ ቡድን አሳይቷል። ይህ መድኃኒትን ለማቋረጥ ምክንያት ባይሆንም በሞቃታማ ወራት የሐኪም ክትትል እንደሚያስፈልግ ያመለክታል።

በምሥራቁ የሀገራችን ክፍል ጫት መቃም የብዙ አረጋውያን የከሰዓት በኋላ ልማድ ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ኖርአድሬናሊን እንዲለቀቅ በማድረግ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ኖርአድሬናሊን ደግሞ የቆዳ የደም ሥሮችን የሚያጠብቡት ነርቮች መልእክተኛ ነው። ስለዚህ ከፊዚዮሎጂ አንጻር አካል ሥሮቹን ለማስፋት በሚጥርበት ሰዓት ጫት ወደ ተቃራኒው ይስባል ብሎ መገመት ይቻላል። ይህ ግምት በቀላል መሣሪያ ሊፈተን የሚችልና ለአካባቢው ዩኒቨርሲቲዎች የሚመች የምርምር ርእስ ነው።

የረመዳን ጾም በሞቃታማ ወራት ሲውል ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ውኃ ስለማይጠጣ ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሣል። የእስልምና ሥርዓት ጾሙን ለማይችሉ ሕሙማንና ደካማ አረጋውያን ፈቃድና ፊድያን ማስቀመጡ ይታወቃል። የጤና ትምህርት ከሃይማኖት አባቶች ጋር በመመካከር ይህን ቢያስታውስ ተሰሚነት ያገኛል። የቤቱ ሁኔታም መዘንጋት የለበትም፤ ጣሪያው በቆርቆሮ የተሠራና መስኮቱ ጠባብ የሆነ ክፍል ቀን የተቀበለውን ሙቀት ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ በውስጡ የሚውለውን ሕመምተኛ አረጋዊ ያስጨንቀዋል።

የመለኪያ ጉዳዮች

የዘርፉ ጥናቶች በአብዛኛው የተካሄዱት በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በጃፓን ቤተ ሙከራዎች ነው። በኤረርና በአካባቢዋ ተመሳሳይ ጥናት ለማድረግ ለሚያስብ ተመራማሪ ሦስት ነጥቦች ይጠቅማሉ።

የመጀመሪያው የፍሰት መለኪያ ነው። የሌዘር ዶፕለር መሣሪያ የሚሰጠው በትንሽ የቆዳ ክፍል ላይ ያለውን አንጻራዊ ፍሰት እንጂ በሚሊሊትር የሚገለጽ መጠን አይደለም። በዚህም ምክንያት ተመራማሪዎች ውጤቱን ለደም ግፊት አካፍለው፣ ቆዳውን እስከ 43 ወይም 44 ዲግሪ በማሞቅ ከሚገኘው ከፍተኛ ፍሰት ጋር በመቶኛ ያነጻጽሩታል። ነገር ግን ከፍተኛው ፍሰት ራሱ በዕድሜ ስለሚቀንስ፣ መቶኛው ብቻ ከታየ በወጣትና በአረጋዊ መካከል ያለው ልዩነት ከእውነተኛው አንሶ ይታያል። ሁለቱንም መመዝገብ ግድ ነው። በክንድ ላይ የደም መላሽ ሥርን ለአፍታ አግዶ የክንዱን ውፍረት ለውጥ የሚለካው ዘዴ ደግሞ ርካሽ ከመሆኑም በላይ ፍሰቱን በመጠን ይሰጣል። የክንድ ጡንቻ የደም ፍሰት ዐርፎ በተቀመጠ ሰው አካል ሲሞቅ ብዙም ስለማይጨምር የሚታየው ጭማሪ የቆዳው ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው የዕድሜ መረጃ ነው። የልደት ምዝገባ ባልነበረበት ዘመን የተወለዱ አረጋውያን ዕድሜያቸውን የሚናገሩት በግምት ነው። ዕድሜን ዋና ተለዋዋጭ አድርጎ በሚነሣ ጥናት የአምስት ወይም የዐሥር ዓመት ስሕተት ውጤቱን ያዛባል። ስለዚህ በ1969 እና 1970 ዓ.ም. የተካሄደውን የኢትዮ-ሶማሊያ ጦርነት የመሰሉ የታወቁ ክስተቶችንና በአካባቢው የሚታወሱ የድርቅ ዘመናትን የያዘ የክስተት አቆጣጠር በሶማሊኛ አዘጋጅቶ መጠቀም ይገባል።

ሦስተኛው ከቤተ ሙከራ ውጭ ያለው ማስረጃ ነው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በምሥራቅ ሐረርጌ በቀርሳ የሚያካሂደው የሥነ ሕዝብና የጤና ክትትል፣ በታወቀ ሕዝብ ውስጥ የሚከሰትን እያንዳንዱን ሞት ከነዕድሜውና ከነቀኑ መመዝገብ እንደሚቻል አሳይቷል። ተመሳሳይ መዝገብ በቆላ ወረዳ ቢቋቋምና ከዕለታዊ የአየር ሙቀት ልኬት ጋር ቢጣመር፣ በሞቃታማ ቀናት የአረጋውያን ሞት ምን ያህል እንደሚጨምር ማወቅ ይቻላል። የሙቀት ሞት በሕክምና መዝገብ ላይ በልብ ድካም ወይም በስትሮክ ስም ስለሚሰፍር ከዚህ በቀር በግልጽ የሚታይበት መንገድ ጥቂት ነው።

ማጠቃለያ

ዕድሜ ሲገፋ ቆዳ በሙቀት ጊዜ የሚያገኘው ደም የሚቀንሰው የነርቩ ትእዛዝ ስለሚደክም፣ አብሮ የሚለቀቀው አስተላላፊ ስለሚያንስ፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ ስለሚጎድል፣ የደም ሥሮቹ ስለሚደርቁና ልብ የመጨመር አቅሟ ስለሚወሰን ነው። እያንዳንዱ ድካም ብቻውን ቀላል ቢመስልም አንዱ የሌላውን ጉድለት መሸፈን በማይችልበት ሁኔታ ሲደራረቡ አረጋዊው ሳይታወቀው ወደ አደጋ ይቀርባል።

ከዚህ የሚመነጨው ተግባራዊ ምክር አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም። ወደ ፍል ውኃ የሚገባ አረጋዊ ጠዋት ወይም ወደ ማታ ቢገባ፣ ቆይታውን ቢያሳጥር፣ ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ሳይጠማው ውኃ ቢጠጣ፣ ሲወጣም በገንዳው ጠርዝ ላይ ጥቂት ተቀምጦ በሰው ድጋፍ ቢነሣ የአደጋው ዋና መንገድ ይዘጋል። በቀትር ሙቀት ደግሞ ጥላ ይዞ ገላን ወይም ልብስን በውኃ ማርጠብ እጢዎቹ ያላወጡትን ላብ ይተካል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አየሩ 42 ዲግሪ በደረሰበት ክፍል የኤሌክትሪክ ማራገቢያ የአረጋውያንን የልብ ምትና የውስጥ አካል ሙቀት ከመቀነስ ይልቅ እንደጨመረ አሳይቷልና፣ በእንዲህ ያለ ሙቀት ደረቅ ቆዳን በማራገቢያ ብቻ ለማቀዝቀዝ መሞከር አይመከርም። የቤተሰብ አባላትና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም «ሞቀዎት ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን እንደማይበቃ ሊያውቁ ይገባል። አረጋዊው «ደኅና ነኝ» ቢሉም የጠጡትን ውኃ መጠን፣ የሽንታቸውን ቀለምና ሲነሡ የሚሰማቸውን ማዞር መከታተል ከስሜታቸው ይልቅ የአካላቸውን ሁኔታ ይገልጻል።